ለፈረሶቹ የወጣ የይለፍ ወረቀት

ጌታነሽ መሠረተ ትምህርት ባትማር ኖሮ ይህ ሁሉ ጉድ ባልመጣ ነበር እላለሁ አንዳንዴ። መልሼ ደግሞ ራሴን እቆጣለሁ፤ ጥፋቱ የፊደል አይደለማ። ያን ቀን ጠዋት የባሏን ኮት ከግድግዳው አውርዳ አቧራውን ስታራግፍ፣ ከደረት ኪሱ ለአራት የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። ማኅተም አለበት። በዚያ ዘመን ማኅተም ያለበት ወረቀት ሳይነበብ የሚታለፍ ነገር አልነበረም፤ የማያውቅ የሚያነብለት ሰው ይፈልግ ነበር። እሷ ሰው መፈለግ አላስፈለጋትም። ሁለት ክረምት የቀበሌው አዳራሽ ወለል ላይ ቁጭ ብላ ፊደል ቆጥራ፣ የምስክር ወረቀቷን ከእመቤታችን ሥዕል ጎን የሰቀለች ሴት ናት። በሩ ላይ ቆማ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዞረችና በጣቷ እየተከተለች ጀመረች። የባሏን ስም አገኘች፣ አባይነህ። የራሷን አገኘች። የልጆቿን የወዳጆንና የሙሉመቤትንም አገኘች። ከመሐል ሜዳ ወደ አዲስ አበባ ይላል። የጉዞው ምክንያት ይላል። ከዚያ ቀጥሎ ያለችውን አጭር ቃል የተሳሳተች መስሏት ሦስት ጊዜ ደጋግማ አነበበቻት። ለለቅሶ ይላል።

እሷ የምታውቀው ሌላ ነው። እኛም የሰማነው ሌላ ነው። አባይነህ ገበያው ዳር በረንዳ ላይ በሲንጀር መኪና ልብስ የሚሰፋ፣ ከሰው ጋር ክፉ ደግ የማይነጋገር ጭምት ሰው ነው። ዓምና የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ለስብሰባ አዲስ አበባ ልኮት ሲመለስ አንድ ነገር አይቶ መጣ። ልጆች የሚጫወቱበት ሰፊ ግቢ አለ፤ እዚያ ግቢ ውስጥ ከእንጨት የተሠሩ ፈረሶች፣ ቀይና ሰማያዊ የተቀቡ፣ በሞተር ይዞራሉ፤ ልጅ ይወጣባቸዋል፤ ሙዚቃ አለው። ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ ተማሪ ቤቱም ለዕረፍት ሲዘጋ፣ ቤተሰቡን ይዤ ሄጄ አሳያለሁ አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ሂሳቡን በልብስ ሰፊ ጠመኔ በካኪ ቁራጭ ላይ ጽፎ መኪናው ጎን ሰቀለው። የአውቶቡስ ደብረ ብርሃን ድረስ፣ ከዚያ አዲስ አበባ። ሙሉመቤት እናቷ ጭን ላይ ከተቀመጠች ወንበር አትከፍልም። መኝታ ጉለሌ የጌታነሽ የአጎት ልጅ ዘንድ። ስንቅ በሶና ዳቦ ቆሎ ከቤት፣ ስለዚህ ሻይ ብቻ ይገዛል። ፈረሱ ለአንድ ዙር ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ለአንድ ልጅ ሁለት ሁለት ዙር። ለልጆቹ ኮት ደግሞ ከደንበኛ ልብስ የተረፈውን ቁራጭ እየቀጣጠለ ሰፋላቸው፤ የወዳጆ አንድ እጅጌው ቡኒ ሌላው ግራጫ ነው። እኛ ሳቅን። እኛ አገር ሰው ቤቱን ዘግቶ ከነልጆቹ የሚወጣው ወይ ለጸበል ነው፣ ወይ ለንግሥ ነው፣ ወይ ለለቅሶ ነው። የእንጨት ፈረስ ሊጋልብ አዲስ አበባ የወረደ ሰው እኔ አማከለች በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

መቼም ነገሩን ለማያውቅ ልንገር። የበኩር ልጃቸው አፈወርቅ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ከማሠልጠኛ አንድ ደብዳቤ ጻፈ። ወደ ሰሜን ከወጣ በኋላ ግን ሰባት ወር ድምፁ የለም። በዚያች በአንዷ ደብዳቤ ላይ፣ በአዲስ አበባ ስናልፍ ከካሚዮን ላይ ሆኜ የሚዞሩ ፈረሶች አየሁ፤ ስመለስ ወዳጆንና ሙሉመቤትን እወስዳቸዋለሁ ብሏል። አባይነህም ስለ ጉዞው ሲጠየቅ አንገቱን ደፍቶ፣ እሱ ያለውን እኔ ላድርግለት ብዬ ነው ይላል። ይህን ሲል ለሰሚው እንዴት ይመስላል? እናንተው ፍረዱ።

መርዶ ደግሞ እኛ ዘንድ በድንገት አይወረወርም። የሞተበት ሰው ያለበት ድረስ ተሂዶ፣ ወይም በሆነ ባልሆነ ምክንያት ዘመድ ወዳለበት ተወስዶ፣ ከዚያ በፊት በደንብ እንዲበላ ተደርጎ፣ ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌ ገብቶ ነው የሚነገረው። እስከዚያ የሚያውቅ ሁሉ ይዋሻል። መዋሸቱ ነውር የለውም፤ እንዲያውም ሳይዋሽ ያወጣ ሰው ነው የሚወቀስ። መርዶው የሚነገረው ሰውም ቢጠረጥር አይጠይቅም። ቢጠይቅስ ማን እውነቱን ይነግረዋል? ጌታነሽ ይህን ታውቃለች፤ የወንድሟን መርዶ ራሷ በሰርግ ስም ተጠርታ ሞላሌ ላይ ነው የሰማችው። ስለዚህ ወረቀቱን እንደነበረ አጠፈችና ከነበረበት ኪስ መለሰችው፤ ኮቱን ሰቀለችው፤ የቁርሱን ሥራ ያዘች።

ልጆቹ በዳቦው ተጣሉ። ወዳጆ የኔን ቆረሰች ብሎ ሲጮህ ሙሉመቤት፣ የሰባት ዓመት ልጅ፣ እንደ ልማዷ አፈወርቅ ይሙት አልነካሁም አለች። ያ ቤት ድሮ በዚህ ነበር የሚምለው። አባይነህ ራሱ ደንበኛ ሲከራከረው፣ አፈወርቅ ይሙት ክሩን በዚህ ዋጋ ነው የገዛሁት ይል ነበር። ልጁ ከዘመተ ወዲህ ግን ከአፉ ወጥቶ አያውቅም፤ ሲምል በማርያም ሆኗል። ጌታነሽም ትንሿን ሁልጊዜ ቆንጥጣ ነው የምታስተዋት። ያን ጠዋት አልቆነጠጠቻትም። ሰማቻት፣ አየቻት፣ ሻዩን መቅዳት ቀጠለች። ባሏም ሻዩን በቆመበት ጠጥቶ ኮቱን ደርቦ ወጣ፤ ነገ ሌሊት አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መናኸሪያ እንገኝ ብቻ አላት። ፊቱ ላይ ምንም አላየችም። ኋላ ስትነግረኝ፣ ምንም አለማየቴ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ አለች።

ለበሶው የተቆላውን ገብስ ይዛ ወፍጮ ቤት ሄደች። ወረፋው በሩን አልፎ ነበር። ወፍጮ ቤት ወረፋ ሲባል ደግሞ እናት ለልጅ የማትለቅቅበት ቦታ ነው። ሴቶቹ ግን ሲያዩዋት ዝም አሉ፤ አንዷ ቀድመሽ ግቢ አለቻት፤ ሌላዋ እንቅቧን ከራሷ ላይ ተቀብላ አወረደችላት። ወፍጮኛው፣ ሳንቲም ቢጎድል በር ዘግቶ የሚሳደበው ሰውዬ፣ ዓይኗን ሳያይ ለመንገድሽ ይሁንሽ ብሎ የማስፈጫውን ሳይቀበላት ቀረ። ጌታነሽ እግዜር ይስጥልኝ ብላ ወጣች። ከዚያ ሻንጣ ልትዋስ የቀበሌው ጸሐፊ የዳኜ ሚስት ጥሩሸዋ ቤት ገባች። ጥሩሸዋ ሻንጣውን ከመስጠቷ በፊት አስቀመጠቻት፣ እንጀራ አቀረበችላት፣ እንቁላል ጠበሰችላት። በላሁ ብትላት ጎርሽልኝ ብላ አጎረሰቻት። አንድ እንቁላል አሥር ሳንቲም ሲሸጥ ለገዛ ልጆቿ የማትጠብስ ሴት፣ ሦስቱን ጠበሰችላት። ጌታነሽ በላች።

ከዚያ ወደኔ መጣች። አጥራችን አንድ ነው፤ ዳቦ ቆሎውን የምጋግርላት እኔ ነበርኩ። ሰው ስወቅስ ራሴን አስቀድሜ ነውና ልናገር። ወሬውን በዋዜማው ማታ ከጥሩሸዋ ሰምቼዋለሁ። ዳኜ ለእነ አባይነህ የለቅሶ ይለፍ ሰጣቸው፤ በይ ያ ልጅ ጉድ ሆኗል፤ የእንጨት ፈረስ የሚሉት ለእናትየው መሸንገያ ነው፤ ጉለሌ ዘመዶቿ ዘንድ ሊያረዷት ነው አለችኝ። እኔ አፈር ልብላ አልተጠራጠርኩም፤ ለሴቶቹም አወራሁት። እንዲያውም ሁሉ ነገር ገባኝ መሰለኝ። አሁን የፈረሱ ተረት ለምን እንደተፈጠረ አወቅሁ፣ ምስኪን አባይነህ ከዚህ የተሻለ ማሳበቢያ አጣ ብዬ አዘንኩለት። ስለዚህ ጌታነሽ ስትመጣ እኔም አበላኋት። ቅቤ የገባበት ጨጨብሳ ነበረኝ፤ ከፊቷ አስቀመጥኩት፣ ብዪ አልኳት። እጇን ሳትሰድ ዓይኔን ትኩር ብላ አየችኝ።

«አማከለች፣ ፈረሶቹ ልጆቹን ያስፈሩብኝ ይሆን?» አለችኝ።

እኔ ፈረሶቹን አይቼ አላውቅ፤ ምን ልበል? አያስፈሩም፣ እንጨት ናቸው አልኩና ዓይኔን ወደ ምድጃው መለስኩ። እዚያ ላይ ነው የገደልኳት። ሌሎቹን ሁሉ ችላቸው ነበር፤ እኔ ግን ከልጅነታችን ጀምሮ ዓይኗን እያየሁ ዋሽቻት አላውቅም። ጨጨብሳውን ሁለት ጊዜ ጎረሰችና ጠገብኩ ብላ ተነሳች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ ደግሞ ልትጠይቀኝ ነበር፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ተወችው። ምነው ጠይቃኝ ቢሆን ኖሮ፣ ምነው እኔም አፍ አውጥቼ የሰማሁትንና ከማን እንደሰማሁት ነግሬያት ቢሆን ኖሮ እላለሁ እስከ ዛሬ።

ቤቷ ገብታ ጓዝ መሸከፍ ጀመረች። ይህን ሁሉ ኋላ ነው የነገረችኝ። ሻንጣውን አልጋው ላይ ከፈተች። ልቧ ሁለት ሆኖ ነበር። አንዱ፣ አባይነህ ዋሽቶኝ አያውቅም፣ ኮት ሰፍቶ፣ ሂሳብ በጠመኔ ጽፎ፣ ልጅ ለሞተበት ሰው ይህ ሁሉ ከየት ይመጣል ይላታል። ሌላው ደግሞ፣ እንዲህ ነው እኮ የሚደረገው፣ አንቺንም ለሰርግ ብለው ቀሚስ አሰፍተውልሽ አልነበረም ይላታል። ማንን ትጠይቅ? የንስሐ አባቷ መምሬ መርስዔ ኃዘን ዘንድ ልሂድ ብላ ነጠላዋን አነሳች፤ ቄስ አይዋሽም፣ ግን ደግሞ እውነቱን ከነገሯት ያበቃላታል ብላ መልሳ አስቀመጠችው። በመጨረሻ ለሁለቱም ልብ ሸከፈች። ከታች ጥቁሩን ቀሚሷን፣ ለወንድሟ የለበሰችውን፣ አጥፋ አስተኛችው። በላዩ የልጆቹን የሰንበት ልብስ ደረደረች። በላዩ በሶውን። ሞቶም ከሆነ እዚያው እለብሰዋለሁ፣ ደህናም ከሆነ ሳይታይ ይመለሳል ብላ ነው። ሻንጣው አልዘጋ አላት፤ ቁጭ ብላበት ዘጋችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ አባይነህ ከሥራው ተመለሰ። እኔ ዳቦ ቆሎውን በጨርቅ ቋጥሬ በዚያው ሰዓት ነው የደረስኩት፤ በሩ ክፍት ስለነበረ ደፉ ላይ ቆምኩ። ሰውየው ደስ ብሎታል። ለሙሉመቤት ኮት ከሆነ ቦታ ያገኛቸውን ሦስት ቀይ ቁልፎች ተክሎ ጨርሷል፤ ልጅቷን አልብሶ አዞራት፣ ሌላውን ኮት ሻንጣው ውስጥ ላስገባ ብሎ ከፈተው። ቦታ ሲፈልግ እጁን ወደ ታች ሰደደና ጥቁሩን ቀሚስ በጫፉ ሳበው። ይዞት ቆመ። ይሄ ለምን ገባ አላት። ጌታነሽ ተጠግታ ከደረት ኪሱ ወረቀቱን መዘዘችና ገልጣ፣ ጣቷን ከቃሉ ሥር አድርጋ አሳየችው። አባይነህ አየው፤ እኔን አየ፤ እሷን አየ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሳቀ። እፎይ ብሎ ሳቀ። ነገሩ እንዲህ ነው ብሎ እየተንተባተበ ያስረዳት ጀመር። ዳኜ ዘንድ ሄዶ ቤተሰቤን ላዝናና ነው ሲለው፣ ጋሽ አባይነህ፣ መዝናናት የሚባል ምክንያት አይፈቀድም፤ የሚፈቀደው ሕክምና፣ ለቅሶ፣ ንግድና ስብሰባ ነው አለው። ለሕክምና እንዳልጽፍ የጤና ጣቢያ ማስረጃ ያስፈልጋል፣ ለቅሶ ግን ማስረጃ አይጠየቅም፣ ለርስዎ ስል እሱን ልጻፍልዎ ብሎ ጻፈለት። እሱም ማለፊያ ነው ብሎ ተቀበለ። ሟርት መሆኑ ያኔ አልታየውም፤ ፈረሶቹን ብቻ ነው ያሰበው።

እውነቱ ይህ ነበር። ሲናገር ግን እንዴት ውሸት ይመስል እንደነበር! እኔ ራሴ ደፉ ላይ ቆሜ፣ ወይ አባይነህ፣ አሁን ደግሞ ይህን ፈጠርክ አልኩ በልቤ። ጌታነሽ እስኪጨርስ ሰማችው።

«ማልልኝ» አለችው።

«ማርያምን!»

«በማርያም አይደለም። ድሮ በምትምልበት ማልልኝ።»

አባይነህ አፉን ከፈተ። አፈወርቅ ብሎ ስሙን ጠራ። ቀጥሎ ያለችው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የቀረችው፤ በቀን አሥር ጊዜ ትባል የነበረች ቃል። አልወጣችለትም። ሰባት ወር ድምፁን ያልሰማውን ልጅ፣ ያለበትን የማያውቀውን ልጅ፣ በገዛ አፉ ይሙት ማለት አቃተው። ዓይኑ በእንባ ሞላ። ለማያውቅ ሰው ያ እንባ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ጌታነሽ ቀሚሱን ከእጁ ነጠቀችና እሪ አለች።

እሪታዋ ሳያበቃ ግቢው ሞላ። ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ ሰው ጆሮውን አቁሞ ሲጠብቅ ነበር የዋለው። ወገባቸውን ታጥቀው የገቡ አሉ፣ ነጠላ አዘቅዝቀው የመጡ አሉ፣ ጥሩሸዋ ደረቷን እየመታች ገባች። እኔም ዳቦ ቆሎውን መሬት ጥዬ አለቀስኩ። አባይነህን ሁለት ሰዎች ደግፈው ግድግዳ ሥር አስቀመጡት፤ ኧረ ወሬ የለኝም፣ ምንም አልሰማሁም ይላል፣ አይዞህ ይሉታል። ወዳጆ ባለሁለት ቀለም ኮቱን ታቅፎ ማዕዘን ላይ ተለጥፏል። ብዙም ሳይቆይ መምሬ መርስዔ ኃዘን መስቀላቸውን ይዘው መጡ። እሳቸው ምንም አልሰሙም ነበር። ሰውን ጸጥ አሰኙና፣ ልጁ መቼ ነው ያረፈው፣ ፍትሐት የምናደርስበትን ቀን እንወቅ አሉ። ቀኑን የሚያውቅ ጠፋ። እሺ መርዶውን ማን አመጣው አሉ። ሰው ሁሉ ጎረቤቱን አየ። ወፍጮኛው ከሴቶቹ ነው የሰማሁ አለ። ሴቶቹ እኔን አዩ። እኔ ጥሩሸዋን አየሁ። ጥሩሸዋ ባሏን አየች። ዳኜ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ፣ እኔማ ከጋሽ አባይነህ ነዋ፣ እሳቸው ለመዝናናት ነው ሲሉኝ እኔ ነኝ ለቅሶ ያልኩት አለ። እንዲህ ዞሮ ዞሮ እዚያው ወረቀቱ ላይ አረፈ። መምሬም እንግዲያው የሞተ የለም፣ እንባችሁን ጥረጉ አሉ።

እንባ ግን በትእዛዝ አይጠረግም። ጌታነሽ ከተቀመጠችበት ቀና አለችና ዞር ዞር ብላ ሁላችንንም አየችን።

«እንግዲያው አለ የሚል ይማልልኝ» አለች። «በልጁ ይማልልኝ። አንድ ሰው ይበቃኛል።»

ከአርባ ሰው አያንስም ነበር በዚያ ቤት። ቅድም ሞቷል ብሎ ለማልቀስ ማንም ማስረጃ አልጠየቀም። አሁን አለ ለማለት ግን አንድ ሰው ጠፋ። ዳኜ መሬት አየ። ጥሩሸዋ ልጇን ወደ ጉያዋ ሳበች። እኔ አራት ልጆች አሉኝ። ምላሴ ላይ አራቱም ስማቸው መጣ፣ አንዱንም አላወጣሁት። ፈራሁ። ብትማይና ባይኖርስ አልኩ። ጌታነሽ ዓይኗ እኔ ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ ነበር፤ አለፈኝ።

ያኔ ሙሉመቤት ከሰው እግር መሐል ወጣች። ኮቷ ላይ ሦስቱ ቀይ ቁልፎች እስከ አንገቷ ተቆልፈዋል። እናቷ ፊት ቆመችና፣ ዳቦውን አልነካሁም እንዳለችው ባለ ድምፅ፣ «አፈወርቅ ይሙት፣ አለ» አለች። ሰው ትንፋሹን ዋጠ። አንዷ ሴት አፏን ልትይዛት እጇን ዘረጋች። ጌታነሽ እጇን መለሰችባት። ልጅቷን እንደገና በይ አለቻት። አፈወርቅ ይሙት አለ፣ ራሱ ነው የጻፈልን፣ እኔ ሰማያዊው ላይ ነው የምወጣው አለች። ጌታነሽ ለብዙ ጊዜ አየቻት። ከዚያ ወገቧን ፈታች፣ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች፣ ተነሳች። በሉ ሂዱልኝ አለችን፤ ነገ መንገደኛ ነኝ። አንድ በአንድ ወጣን። ዳቦ ቆሎውን ከመሬት ለቅሜ፣ አፈሩን እፍ ብዬ አራግፌ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩላት።

በማግሥቱ ሄዱ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በአውቶቡሱ የነበሩ ሁሉ ያወሩታል። ደብረ ብርሃን መግቢያ ኬላው ላይ አውቶቡሱ ቆመ፣ ጠባቂው ገባ፣ ወረቀት እየተቀበለ ማንበብ ጀመረ። አባይነህ መንገዱን ሙሉ ሲለምናት ነው የመጣው፤ ኬላው ላይ ዝም በይ፣ ወረቀቱ የሚለውን ይበል፣ ማለፋችን ነው ዋናው እያለ። ጠባቂው የእነሱን ወረቀት አነበበ። ጎበዝ ነው፣ ጨዋ ልጅ፣ ዕድሜው ከአፈወርቅ አይርቅም። ቆቡን አነሳና እግዚአብሔር ያጥናችሁ አላቸው። አባይነህ አሜን ሊል ከንፈሩ ሲከፈት ጌታነሽ ክንዱን ያዘችው።

«አሜን አትበል» አለችው። ከዚያ ወደ ጠባቂው ዞረች። «የሞተብን የለም፣ ልጄ። ልጆቼን ፈረስ ላይ ላወጣ ነው የምሄደው።»

ልጁ ግራ ገባው። ወረቀቱን አየ፣ ማኅተሙን አየ፣ ባለሁለት ቀለም ኮት የለበሰውን ወዳጆን አየ። ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አዙሮ ይጠብቃል፤ ቢያስወርዳቸው የሚፈርድበት አልነበረም። ጠባቂው ጎንበስ አለና ሙሉመቤትን፣ የምን ፈረስ ነው አላት። የእንጨት፣ ሰማያዊ አለችው። ወረቀቱን እንደነበረ ለአራት አጥፎ ለእናትየው ሰጣትና ለሾፌሩ ንዳው አለው።